አክስት ወይስ አማት? የአንድ የቴሉጉ ፊልም ቃል ጉዞ ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ትርጉም ሥራ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበን የታተመ መጽሐፍ ነው። ከግእዝ፣ ከዐረብኛና ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የተመለሱ ድርሰቶች በየጊዜው የጥናት ርእስ ሆነዋል። በአፍ የሚተረጎመው፣ ያውም በየገበያ ከተማው በየምሽቱ የሚደመጠው ግን እምብዛም አልተጠናም። ትርጉም ፊልም እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። አንድ ተራኪ የውጭ አገር ፊልም ፊት ለፊት ተቀምጦ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር፣ የሴቱንም የወንዱንም፣ የሽማግሌውንም የሕፃኑንም፣ በራሱ ድምፅ በአማርኛ ይመልሳል፤ በመካከሉም ከራሱ ይጨምርበታል።

ይህ ጽሑፍ የትርጉም ፊልምን ታሪክ በሙሉ ለመተረክ አይቃጣም። የሚከተለው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ቃሏ በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ በሚነገረው በቴሉጉ ቋንቋ «አታ» የምትባል የዝምድና መጠሪያ ናት። በአንድ ታዋቂ የፍቅርና የድብድብ ፊልም ርእስ ውስጥ ገብታ፣ በሂንዲና በአማርኛ በኩል አልፋ፣ አፋር ክልል ደርሳለች። ላሳይ የምሞክረው ይህን ነው፤ ቃሏ በሁለቱ ትልልቅ የመገናኛ ቋንቋዎች ስታልፍ ግማሽ ትርጉሟ ይቀራል፤ በመጨረሻው ጣቢያዋ ግን ማንም ሳይተረጉምለት የአፋሩ ተመልካች ሙሉውን ያገኘዋል። ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ ሥነ ቃል ለመሰብሰብ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ በቆየሁባቸው ጊዜያት ያየሁትና ያዳመጥኩት ነው።

1. ከባቡር ጣቢያ እስከ እጅ ስልክ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአዋሽ ጣቢያና አጠገቡ ያለው የባቡር መንገደኞች ቡፌ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ልብ ነበሩ። የፈረንሳዩ መሐንዲስ፣ የግሪኩና የዐረቡ ነጋዴ፣ በሐረርና በድሬዳዋ እንደ መሐመድ አሊ ያሉ የንግድ ቤቶችን የከፈቱት የጉጅራት ሕንዶችም በዚሁ መስመር ወጥተዋል፣ ወርደዋል።

ሕንድ ለኢትዮጵያውያን በነጋዴ ብቻ የታወቀች አገር አይደለችም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሕንዳውያን መምህራን አስተምረዋል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚም የተደራጀው በሕንድ መኮንኖች ነው። የሕንድ ፊልም በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው «ማዘር ኢንዲያ» ዛሬም በአረጋውያን ተመልካቾች አፍ ላይ ያለ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ተርጓሚ የሚባል አልነበረም። ተመልካቹ የሚከታተለው ፊትን፣ እንባንና ዘፈንን ነበር፤ ትርጉሙን የማያውቀውን ዜማ በቃሉ ይዞ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው ዘመን የቪዲዮ ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በተለይም ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ ሲኒማ ቤት ኖሯቸው በማያውቁ ከተሞች ሁሉ የቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም በቂ ነበር። ቀጥሎ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽ፣ ከዚያም ስልክ መጣ። የመጓጓዣውም ነገር እንዲሁ ተለወጠ። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪመረቅ ድረስም ከዚያም በኋላ የጅቡቲው ጭነት በብዛት የሚመላለሰው በመኪና ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ሰመራን አልፎ የሚሄደው አስፋልት የከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶች መንገድ ነው። ረዳት የሚያድርበት ከተማ ፊልም የሚቀዳበት ከተማም ነው። አንድ ትርጉም ፊልም አዋሽ ላይ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ከተላለፈ ሰመራ ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የየራሱን ድምፅ የሚሰጥ የተደራጀ አሠራር ይዞ መጣ። የገበያው ትርጉም ፊልም ግን በአንድ ሰው ድምፅ መሥራቱን አልተወም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው።

2. «የሕንድ ፊልም» የሚለው ስም የሚሸፍነው

በአዋሽም ሆነ በሰመራ ተመልካቹ ስለሚያየው ፊልም ሲጠየቅ «የሕንድ ነው» ይላል፤ ሻጩም ከዚህ ያለፈ አያውቅም። ሆኖም ከሚዞሩት የድብድብና የፍቅር ፊልሞች ብዙዎቹ የሂንዲ ሳይሆኑ የቴሉጉ ናቸው።

ቴሉጉ የድራቪድ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ 81 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አፋቸውን የፈቱበት ሆኖ ተገኝቷል። ሂንዲ በአንጻሩ የሕንድ–አውሮፓ ቤተሰብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዝርያ ርቀት በአማርኛና በአፋርኛ መካከል ካለው አያንስም። የመጀመሪያው የሂንዲ ድምፃዊ ፊልም «ዐላም ዐራ» እ.ኤ.አ. በ1931 ሲታይ፣ የመጀመሪያው የቴሉጉ ድምፃዊ ፊልም «ባክታ ፕራህላዳ» የተከተለው በዓመቱ፣ በ1932 ነው። ቴሉጉዎች በቋንቋቸው የሚጠራ ክልል ለማግኘት ያደረጉት ትግልም በሕንድ ታሪክ ጎልቶ የሚነገር ነው። ፖቲ ሽሪራሙሉ የተባሉት ታጋይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በረሃብ አድማ ከሞቱ በኋላ፣ በ1953 የአንድራ ክልል ተመሠረተ፤ በ1956ም መላዋ ሕንድ በቋንቋ ወሰን እንደገና ተደራጀች። ከፊልሙ መንደር የተነሡት ተዋናይ ኤን ቲ ራማ ራው በ1982 በቴሉጉ ስም የሚጠራ ፓርቲ አቋቁመው በዓመቱ የአንድራ ፕራዴሽ መሪ መሆናቸው ቋንቋው፣ ፊልሙና ፖለቲካው ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ያመለክታል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ግን ከፊልሙ ጋር አይጓዝም። እንደ ጎልድማይንስ ቴሌፊልምስ ያሉ የሙምባይ ድርጅቶች የቴሉጉ ፊልሞችን በብዛት እየገዙ፣ በሂንዲ ድምፅ እየቀዱ፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ አሠራጭተዋል። ወደ እኛ የሚመጣውም በአብዛኛው ይኸው የሂንዲ ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 «ናቱ ናቱ» የተባለው የቴሉጉ ዘፈን የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ እንኳ፣ ብዙ የውጭ ዘገባዎች ዘፈኑ የወጣበትን ፊልም «የቦሊውድ» ብለው ጠርተውታል። የራስን ስም በሌላ ስም ተሸፍኖ ማግኘት ለአፋር ሕዝብም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጎረቤትና በተጓዥ ጽሑፎች ለረጅም ዘመን «አዳል» ወይም «ደንከል» ሲባል የኖረ ሕዝብ ነውና።

3. ተራኪው እንደ ከዋኝ

በአዋሽ የተመለከትኳቸው ቅጂዎች ሦስት ንብርብር አላቸው። ምስሉ፣ ማለትም የተዋናዮቹ ከንፈር፣ በቴሉጉ ይንቀሳቀሳል፤ ከሥር የሚሰማው ድምፅ ሂንዲ ነው፤ ከምስሉ ግርጌ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያልፋል። በዚህ ላይ የተራኪው አማርኛ ይጫናል። ተራኪው ከእንግሊዝኛው ያነባል፣ ከሂንዲው ይገምታል፣ ከምስሉ ይጨምራል። ዘፈን ሲመጣ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስለ ተዋናይዋ ቀሚስ አስተያየት ይሰጣል።

ይህን ሥራ «የተበላሸ ትርጉም» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን የሥነ ቃል ተማሪ ሊያየው የሚገባ ክዋኔ አለው። ተራኪው ለገጸ ባሕርያቱ የቅጽል ስም ያወጣል፤ ወፍራሙን ጎረምሳ በአንድ የአዲስ አበባ ሠፈር ስም ይጠራዋል፤ ድብድብ ሲጀመር እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ይፈጥናል። ተደራሲውን በቀጥታ ያናግራል፣ ይመክራል፣ ይቀልድበታል። ተደራሲውም ደንቡን ያውቃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ በመላው አገራችን ተመልካች ዘንድ «አክተሩ» ነው፤ «አክተሩ አይሞትም» የሚለው አባባልም በድርሰት ትምህርት የማይሰጥ፣ ነገር ግን ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያውቁት የሴራ ሕግ ነው። ስለዚህ ተራኪውን የምንመዝነው ለመነሻው ባለው ታማኝነት ብቻ ሳይሆን፣ በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ምን እንደሚያሻግርና ምን እንደሚያስቀር ጭምር ነው። ከሚያስቀራቸው ነገሮች ዋነኛው ደግሞ፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ ዝምድና ነው።

4. አታ፤ አክስትና አማት

በምሳሌነት የምወስደው «አታሪንቲኪ ዳሬዲ» የተባለውን ፊልም ነው። አዘጋጁ ትሪቪክራም ሽሪኒቫስ፣ መሪ ተዋናዩ ፓዋን ካልያን፣ የሴት መሪ ተዋናይዋ ሳማንታ ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2013፣ በእኛ የመስቀል ዕለት በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ከፊሉ በኢንተርኔት ተሰርቆ ቢሠራጭም ከፍተኛ ገቢ አስገኝቷል። በካናዳ፣ በቤንጋሊና በታሚል ቋንቋዎችም እንደገና ተሠርቷል።

ሴራው እንዲህ ነው። በኢጣልያ ሚላን የሚኖሩ አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ከብዙ ዓመታት በፊት ሴት ልጃቸው ያለ ፈቃዳቸው በማግባቷ ከቤት አባረዋታል። አሁን በእርጅናቸው ሊያዩዋት ይመኛሉ። የልጅ ልጃቸው አክስቱን ለመመለስ ወደ ሃይደራባድ ይሄድና ማንነቱን ደብቆ በቤቷ ሾፌር ሆኖ ይቀጠራል። አክስቲቱ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ከብዙ ድብድብና ቀልድ በኋላ ከታናሺቱ ጋር ይዋደዳል።

የፊልሙ ርእስ ሲመለስ «ወደ አታ ቤት የሚወስደው መንገድ የትኛው ነው?» እንደማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በቴሉጉ «አታ» የአባት እህት ናት፤ «አታ» የሚስት ወይም የባል እናትም ናት። እንዲሁም «ማማ» የእናት ወንድምም አማችም ነው። ይህ የቃላት እጥረት አይደለም። በቴሉጉዎች ባህል «ሜናሪከም» የሚባል የጋብቻ ልማድ አለ፤ ወንድ ልጅ የአባቱን እህት ወይም የእናቱን ወንድም ልጅ ማግባቱ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ለረጅም ዘመን የተመረጠ ነበር። አክስት ወደፊት አማት የምትሆን ሴት ስለሆነች አንድ መጠሪያ ይበቃታል። የአክስት ልጅ «መረደሉ» ናት፤ እርሷም የአጎቷን ልጅ «ባቫ» ትለዋለች። ሁለቱ ቃላት ዝምድናን ብቻ ሳይሆን መላላትን፣ መቀላለድን፣ የሚጠበቅ ፍቅርን ያዘሉ በመሆናቸው የቴሉጉ ዘፈኖች ሞልተዋቸዋል። እንግዲህ የርእሱ ጥያቄ የአክስትንም የአማትንም ቤት በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። ሴራው በሙሉ በዚያ አንድ ቃል ውስጥ አለ።

ቃሉ ወደ ሂንዲ ሲሻገር ለሁለት ይሰነጠቃል። በሂንዲ የአባት እህት «ቡኣ»፣ የትዳር ጓደኛ እናት «ሳስ» ናት። የሰሜን ሕንድ ሂንዱዎች የአክስትና የአጎት ልጅን እንደ እህትና ወንድም ስለሚቆጥሩ አይጋቡም። ወደ አማርኛ ሲመጣ ስንጥቁ ገደል ይሆናል። አማርኛ አክስትን በአባትና በእናት ወገን አይለይም፤ አማትን ግን ከአክስት በጥብቅ ይለያል። በአማራው ባህል ሊጋቡ የታሰቡ ሰዎች ሰባት ቤት ይቆጠርላቸዋል። በዚህ ጆሮ «የአክስቱን ልጅ ወደዳት» የሚለው ዐረፍተ ነገር የፍቅር ታሪክ መጀመሪያ ሳይሆን የነውር ታሪክ መጀመሪያ ነው።

የአዋሹ ቅጂ ተራኪ ይህን ያወቀ ይመስለኛል። በፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ሴትዮዋን «አክስቱ» ሲል ይቆይና፣ ፍቅሩ ከተጀመረ በኋላ «እመቤቲቱ» ይላታል። ዝምድናውን በመጠሪያ ለውጥ ይቀብረዋል። መቅበር በማይችልበት ቦታ ላይ ደግሞ ከትረካው ወጥቶ፣ «ሕንዶቹ ሰባት ቤት አይቆጥሩም እንግዲህ!» ብሎ ያልፋል። ቤቱ ይሥቃል። በሣቁ ግን ሴራው ይላላል። ወጣቱ ዝምድናውን የሚያድሰው አክስቱን በመለመን ብቻ ሳይሆን ልጇን በማግባትም ጭምር መሆኑ፣ ማለትም የፍቅሩ ታሪክና የእርቁ ታሪክ አንድ መሆናቸው፣ ከአማርኛው ሰሚ ይሰወራል። የሚቀረው አንድ ጎረምሳ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ መንገድ ላይ ልጅ መውደዱ ነው።

5. አብሱማ

በአዋሽ ቤቶች የሚታደመው ሕዝብ የተደባለቀ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ ተናጋሪው ጎን ለጎን ይቀመጣል። ተራኪው ስለ ሰባት ቤት ሲቀልድ ከሣቁት መካከል ያልነበረ አንድ የአፋር ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ለምን እንዳልሣቀ ብጠይቀው፣ «እሷማ አብሱማው ናት፤ ምኑ ያሥቃል?» አለኝ።

አብሱማ በአፋር ባህል ለአንድ ወንድ የአባቱ እህት ልጅ ናት። ከሴቲቱ በኩል ስናየው ባሏ ሊሆን የሚገባው የእናቷ ወንድም ልጅ ነው። በፊልሙ ያሉት ወጣቶች ዝምድና ከዚህ አንዲት ጋት አይለይም። አፋሮች ሙስሊም ስለሆኑ ነው የሚል መልስ እዚህ ላይ አይበቃም። የእስልምና ሕግ የአክስት ልጅን ማግባት ይፈቅዳል፤ አብሱማ ግን ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ መብትም ግዴታም ነው። የአባት እህት ልጅ ስትወለድ ጀምሮ የሚታወቅ ባለመብት አላት። ቴሉጉው በአንድ ቃል የሰበሰበውን ዝምድናና ትዳር፣ አፋሩም በአንድ ቃል ሰብስቦታል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዝርያ አይገናኙም፤ አንዱ ድራቪድ፣ አንዱ ኩሽ ነው። ያገናኛቸው ቤተሰብን የሚያዋቅሩበት ሥርዓት ነው። በመካከላቸው የቆሙት ሂንዲና አማርኛ፣ ለመገናኛነት ሰፊዎቹ ሆነው ሳለ፣ ለዚህ ጉዳይ ቃል የላቸውም።

ፊልሙ ከአማርኛ ወደ አፋርኛ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ያየሁት በሰመራ ነው። ሰመራ አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል መናገሻ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ ፊልሙን ላላዩ ጓደኞቹ በአፋርኛ ሲተርክ ፈቃድ ጠይቄ ቀዳሁት፤ በኋላም በሌላ ተማሪ እርዳታ አስተረጎምኩት። ትረካው የጀመረው አማርኛው ከሸሸገው ቦታ ነው፤ «አንድ ሰው አብሱማውን ፍለጋ ከሩቅ አገር መጣ» ብሎ። የሚላን ሽማግሌ፣ የሆቴሉ ዕዳ፣ የሾፌርነቱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ተማሪው የቴሉጉን ርእስ ሰምቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ከሂንዲውና ከአማርኛው ይልቅ ለርእሱ የቀረበው እርሱ ነው። ይህ ዳጉ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ተቆጣ። ዳጉ አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት፣ እውነትን አጥርቶ ማስተላለፍ ግዴታ የሆነበት ሥርዓት ነው። «ዳጉ ላይ ፊልም አይወራም፤ ይህ ጨዋታ ነው» አለኝ። እውነተኛ ወሬንና ልብ ወለድን የሚለይ የትረካ ደንብ ባህሉ ውስጥ እንዳለ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አያስፈልግም።

የቃሏን ሌላ ጫፍ ያገኘሁትም በዚያችው ከተማ ነው። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አስተምረዋል። በታችኛው አዋሽ የተተከለው የተንዳሆ ስኳር ፋብሪካም ሕንድ ለስኳር ልማታችን ከሰጠችው የ640 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተካፋይ ነበር። በሰመራ ያገኘኋቸው አንድ መምህር አፍ መፍቻቸው ቴሉጉ ነበር። «መረደሉ» እና «ባቫ» የሚሉትን ቃላት ያብራሩልኝ እርሳቸው ናቸው። ስለ አብሱማ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ የእናታቸውና የአባታቸው ጋብቻ እንዲህ ያለ እንደነበር አጫወቱኝ። ከአፋር ተማሪዎቻቸው ጋር ለዓመታት በእንግሊዝኛ ስለ ሒሳብ ተነጋግረዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን አልተጫወቱም። የሚያወሩበት ቋንቋ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ አልነበረውም።

ነገሩን ግን የሁለት ባህሎች ጣፋጭ መገጣጠም አድርጎ መተው ተገቢ አይደለም። ያነጋገርኳት አንዲት የአፋር ተማሪ ፊልሙን እንዴት እንዳየችው ስጠይቃት፣ «አብሱማዋን ወደደችው፤ እሱም ወደዳት። ፊልም ያደረገው ይህ ነው» አለችኝ። በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ ሙሉ ሂስ አለ። አብሱማ ሴቲቱ ሳትጠየቅ የሚወሰን ጋብቻ ሊሆን ይችላል፤ እምቢታም በሁለት ቤተሰቦች መካከል ቂም ያመጣል። ፊልሙ ይህን ጭንቀት የሚያቃልለው የታዘዘውንና የተወደደውን ሰው አንድ በማድረግ ነው። እናቲቱ በፍቅር አግብታ ሥርዓቱን ጥሳ ተባረረች፤ ልጇ በፍቅር አግብታ ሥርዓቱን ትጠግናለች። ለቴሉጉዋም ለአፋሯም ሴት ይህ ምኞት ነው። የአማርኛው ትርጉም ዝምድናውን ሲቀብር ምኞቱንም አብሮ ይቀብረዋል፤ የሚያከራክረው ጥያቄ ከነጭራሹ ሳይነሣ ይቀራል።

6. ባለጋራው ዘመድ ሲሆን

አንድ ምሳሌ ለድምዳሜ ስለማይበቃ ሌላ እጨምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኤስ ኤስ ራጃሙሊ አዘጋጅነት የወጣው «ማጋዲራ» በቴሉጉ የፍቅርና የድብድብ ፊልሞች ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ነው። ራም ቻራንና ካጃል አጋርዋል በጥንድ ገጸ ባሕርያት ይጫወቱበታል። በሃይደራባድ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወጣት የአንዲትን ልጃገረድ እጅ ሲነካ የጥንት ዘመን ትዝታ ይመጣበታል። ከ400 ዓመት በፊት፣ በ1609፣ እርሱ የንጉሥ ጦረኛ፣ እርሷ ልዕልት ነበሩ። በጠባብ መተላለፊያ ላይ ከመቶ ጦረኞች ጋር ብቻውን ተዋግቶላት ሁለቱም ሞቱ፤ አሁን ዳግም ተወልደዋል። በሁለቱም ዘመናት ባለጋራው ልጅቷን ለራሱ የሚፈልግ ዘመዷ ነው።

ይህን ፊልም በትርጉም ሲያዳምጡ ሁለት ነገሮች ይነጻጸራሉ። የመጀመሪያው ዳግም ልደት ነው። በአዋሽ የተቀመጠው ክርስቲያንም ሙስሊምም በዚህ አያምንም። ሆኖም ተራኪው «ዳግም ተወለደ» ብሎ ያልፋል፣ ማንም አይሥቅም። አማርኛ ሟችን በተወላጅ የመተካት ሐሳብ እንግዳው አይደለም፤ ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ እያለ ልጅ የሚሰይም ቋንቋ ነው። ሁለተኛው የዘመዱ ምኞት ነው። በዚህኛው ተመልካቹ ያጉረመርማል። ለአማርኛው ሰሚ ሰውየው ክፉ መሆኑ የሚታወቀው ገና ዘመዱን በመመኘቱ ነው። ለቴሉጉውና ለአፋሩ ግን እንዲህ ያለ ሰው ከጥያቄው የተነሣ ብቻ ክፉ አይባልም፤ ክፋቱ ያለው በኃይል በመፈለጉና በመግደሉ ነው። ፊልሙ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ዝምድና የሰጠው መብት ሴቲቱ ካልፈቀደች ዋጋ አለውን?

እንግዲህ «አታሪንቲኪ ዳሬዲ» ባለመብቱን ዘመድ አፍቃሪ ሲያደርገው፣ «ማጋዲራ» ባለጋራ ያደርገዋል። አንድ ኅብረተሰብ ከገዛ ልማዱ ጋር በሁለት ወገን ሲከራከር የሚታይበት ነው። በአማርኛው ግን የመጀመሪያው ቀልድ፣ ሁለተኛው ነውር ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የእምነት ልዩነት «የእነርሱ ነገር» ተብሎ በቀላሉ ይሻገራል፤ የቤተሰብ ልዩነት ግን በራሳችን ነውር ስለሚመዘን አይሻገርም። ከዚህ የምረዳው፣ ለትርጉም አስቸጋሪ የሆነው ሩቁና እንግዳው ሳይሆን ቅርብ የመሰለው መሆኑን ነው። አክስት በሁሉም ቋንቋ አለች፤ የምታሳስተውም ስላለች ነው።

7. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ከዚህ ትንሽ ጉዳይ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የመሰብሰብ ጉዳይ ነው። ትርጉም ፊልም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚሠራ በመሆኑ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊት የሚቆምበት መሠረት የለውም፤ ቤተ መጻሕፍትም ይህን ያህል የማይቀርበው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ነገር ግን የሕጉ ጉዳይ የጥናቱን ጉዳይ መዝጋት የለበትም። ሲዲው ይጫጫራል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ተራኪው ሥራ ይለውጣል። ተማሪዎቻችን የተራኪዎችን አማርኛ፣ የተመልካቹን ምላሽና በሌሎች ቋንቋዎች የሚደረገውን ድጋሚ ትረካ ዛሬ ካልቀዱ፣ በዘመናችን እጅግ ከተደመጡት የአማርኛ ትርጉሞች አንዱ ያለ ማስረጃ ያልፋል። በተለይ አፋርኛና አማርኛ የሚችሉ ተማሪዎች ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ ሊሠሩት ይችላሉ።

ሁለተኛው የቃል ጉዳይ ነው። አማርኛ ለቴሉጉው «መረደሉ» ቃል የለውም ብያለሁ። ይሁን እንጂ በአዋሽና በሰመራ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች አንዱን በየቀኑ ይናገሩታል። «አብሱማ» የሚለውን ቃል ከጎረቤቶቻቸው ወስደው፣ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው፣ «አብሱማው ናት»፣ «አብሱማዋን እምቢ አለች» ይላሉ። ቃሉ ከነክብሩና ከነጭንቀቱ አብሮ ገብቷል። አንድ ተራኪ «የአክስቱን ልጅ» በማለት ፈንታ «አብሱማውን» ቢል፣ ቢያንስ በዚህ ሸለቆ ለተቀመጠው ተመልካች የፊልሙ ሴራ ሳይቀልድበት ይቆምለታል፤ ቃሉን የማያውቅ የሌላ አገር ሰሚም ጎኑ የተቀመጠውን ይጠይቃል። ለሩቁ ቴሉጉ የሚሆነውን የአማርኛ ቃል ያገኘነው ከእንግሊዝኛው ግርጌ ጽሑፍ ሳይሆን፣ አጠገባችን ከሚኖር ሕዝብ ነው።